ሃይስኩል ሳይጨርሱ ኮሌጅ፦ ስለ ራኒንግ ስታርት ለወላጆችና ለተማሪዎች

[የመግቢያ ሙዚቃ]

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን 9ኛ እና 10ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ላላቸው ወላጆች ነው። ልጆቹም አብረው ቢያዳምጡ ደስ ይለናል። የምናነሳው ጉዳይ ወላጅና ልጅ ቁጭ ብለው ሊመክሩበት የሚገባ ነው።

በአሜሪካ አንድ ተማሪ ገና ሃይስኩል ሳለ የኮሌጅ ኮርስ ወስዶ፣ ኮርሱ ለሃይስኩል ምርቃቱም ለኮሌጅ ዲግሪውም ሊቆጠርለት ይችላል። ዱዋል ክሬዲት ይባላል፤ አንድ ትምህርት ተምሮ በሁለት ቦታ ክሬዲት ማግኘት ማለት ነው። በ2022–23 የትምህርት ዘመን በመላ አገሪቱ ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጉ የሃይስኩል ተማሪዎች ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ኮርስ ወስደዋል። ብዙ የአገራችን ሰዎች በሚኖሩበት በዋሽንግተን ስቴት፣ ማለትም በሲያትል፣ በተክዊላ፣ በሬንተን፣ በኬንትና በአካባቢው፣ ከዋና ዋናዎቹ ፕሮግራሞች አንዱ ራኒንግ ስታርት ይባላል። ዛሬ በእሱ ላይ እናተኩራለን፤ በሌሎች ስቴቶች ያላችሁ አድማጮቻችንም የሚጠቅማችሁን አታጡም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1974 ኒውዮርክ ከተማ በሚገኘው በላጓርዲያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሚድል ኮሌጅ ሃይስኩል የሚባል ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ትምህርት ለማቋረጥ የተቃረቡ ልጆችን ኮሌጅ ግቢ ውስጥ አስገብቶ፣ የትልልቅ ሰዎችን የትምህርት ዓለም በዓይናቸው እያዩ እንዲበረቱ የማድረግ ሐሳብ ነበረው። ይህን የማነሳው በእኛ ዘንድ አንድ የተለመደ አስተሳሰብ ስላለ ነው፤ ሃይስኩል ሆኖ ኮሌጅ መማር የጎበዞች ብቻ ይመስለናል። ምናልባት ከአገር ቤት የመጣ ግምት ይሆናል። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉት አድማጮቻችን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረውን የልዑል በዕደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት ያስታውሳሉ፤ ከየጠቅላይ ግዛቱ ተመርጠው የሚመጡ ብርቱ ተማሪዎች የሚሰባሰቡበት ነበር። የአሜሪካው ግን በምርጦች ላይ የቆመ አይደለም። ሚኒሶታ በ1985 የአገሪቱን የመጀመሪያ ስቴት አቀፍ ሕግ ስታወጣ፣ ዋሽንግተንም በ1990 ስትከተል፣ በሩን ለማንኛውም የሕዝብ ትምህርት ቤት የ11ኛ እና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው የከፈቱት። ኮሌጁ ለኮርሱ ዝግጁ መሆኑን ያረጋግጣል እንጂ ከክፍሉ አንደኛ መውጣቱን አይጠይቅም።

አሁን አሠራሩን በምሳሌ እንየው። 11ኛ ክፍል ያለች አንዲት ልጅ በኮሚኒቲ ኮሌጅ እንግሊዝኛ 101 የሚባለውን ኮርስ በአንድ ኳርተር ትወስዳለች። ኳርተር ማለት 11 ሳምንት ገደማ ነው። ኮርሱ 5 የኮሌጅ ክሬዲት አለው። በዋሽንግተን ስቴት ደንብ 5 የኮሌጅ ክሬዲት እንደ 1 የሃይስኩል ክሬዲት ይቆጠራል። 1 የሃይስኩል ክሬዲት ደግሞ በመደበኛው መንገድ ዓመቱን ሙሉ የሚፈጅ ትምህርት ነው። ስለዚህ ልጅቷ የዓመቱን እንግሊዝኛ በ11 ሳምንት ጨረሰች፤ ኮሌጅ ስትገባም ያንን ኮርስ አትደግመውም።

ሙሉ ጊዜዋን ኮሌጅ ብትማር በኳርተር 15፣ በዓመት 45፣ በሁለት ዓመት 90 ክሬዲት ታገኛለች። 90 ክሬዲት አሶሲየት የሚባለው የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ ነው። በየዓመቱ በሰኔ ወር በየቤተሰቡ የስልክ ግሩፕ የምናየው ፎቶ፣ የሃይስኩል ዲፕሎማና የኮሌጅ ዲግሪ በአንድ ሰሞን የተቀበለው ልጅ ፎቶ፣ በዚህ መንገድ የመጣ ነው። ሙሉ ጊዜ መግባት ግን ግዴታ አይደለም። አንድ ኮርስ ብቻ ኮሌጅ ወስዶ ቀሪውን በሃይስኩሉ መማር ይቻላል። ልጁ የሃይስኩሉ ተማሪ መሆኑም አይቀርም፤ ለትምህርት ቤቱ ኳስ ይጫወታል፣ ከጓደኞቹም ጋር ይመረቃል።

ወጪውስ? የኮሌጁን ትምህርት ክፍያ ተማሪው አይከፍልም። ስቴቱ ለእያንዳንዱ ተማሪ ለሃይስኩሉ የሚመድበው ገንዘብ አለ፤ ልጁ ኮሌጅ ሲማር የዚያ ድርሻ 93 በመቶው ወደ ኮሌጁ ይተላለፋል። ስለዚህ የሚከፈለው እናንተም ከምትከፍሉት ግብር ነው፤ ልመናም ምጽዋትም አይደለም፣ ሳታፍሩ ተጠቀሙበት። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ለስቴቱ ነዋሪ በዓመት ከ12 ሺህ ዶላር በላይ እንደሚያስከፍል ስታስቡ፣ ልጁ የአንድ ዓመት ክሬዲት ይዞ ቢገባ ለቤተሰቡ ምን ያህል እፎይታ እንደሚሆን ትረዱታላችሁ።

መጽሐፍ፣ የላቦራቶሪ ክፍያና አንዳንድ የኮሌጅ ክፍያዎች ግን በእናንተ ላይ ይወድቃሉ። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ፣ ለምሳሌ ልጃችሁ በትምህርት ቤት የነጻ ወይም የቅናሽ ምሳ ተጠቃሚ ከሆነ፣ ኮሌጁ ክፍያዎቹን እንዲያነሳላችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ኮሌጆች መጽሐፍም ያውሳሉ። ካልጠየቃችሁ ማንም በራሱ ተነሥቶ ላይነግራችሁ ይችላል። ለትራንስፖርት አትጨነቁ፤ ከመስከረም 2022 ጀምሮ በስቴቱ 18 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ሁሉ አውቶቡስና ቀላል ባቡር በነጻ ይሳፈራል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ራኒንግ ስታርት የሚከፍለው ቁጥራቸው 100 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ የኮሌጅ ኮርሶች ነው። ልጁ ከዚያ በታች ባለ የማጠናከሪያ ኮርስ ቢመዘገብ ሒሳቡ ወደ ቤት ይመጣል።

[አጭር ሙዚቃ]

አድማጮቻችን፣ አሁን ረጋ ብዬ ልነግራችሁ ወደምፈልገው ልግባ። ብዙ ቤተሰቦች ስለ ራኒንግ ስታርት «ነጻ ነው» የሚለውን ሰምተው ይገባሉ። ትምህርቱ ግን እውነተኛ የኮሌጅ ትምህርት ነው፤ ውጤቱም እውነተኛ የኮሌጅ ውጤት ነው፤ አይፋቅም።

ልጁ በ16 ዓመቱ ያገኘው ግሬድ በሁለት ትራንስክሪፕት፣ ማለትም የውጤት መዝገብ፣ ላይ ይሰፍራል፣ በሃይስኩሉና በኮሌጁ። ዩኒቨርሲቲ ሲያመለክት ሁለቱንም ይልካል። ነገ ሐኪም መሆን ቢፈልግ ደግሞ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የጋራ ማመልከቻ ሃይስኩል ሳለ የወሰዳቸውን የኮሌጅ ኮርሶች ሁሉ አስቆጥሮ አማካይ ውጤቱን፣ ማለትም ጂፒኤውን፣ ያሰላል። በ22 ዓመቱ ወጣት ማመልከቻ ላይ የ16 ዓመቱ ልጅ ሲ ወይም ዲ ቁጭ ብሎ ይገኛል። የፌዴራል የትምህርት ድጋፍም የሚታየው በዚሁ መዝገብ ነው፤ ብዙ ኮሌጆች ከተመዘገቡበት ክሬዲት ቢያንስ 67 በመቶውን ማለፍና 2.0 ጂፒኤ መያዝን ይጠይቃሉ። በራኒንግ ስታርት ሦስት አራት ኮርስ የወደቀ ልጅ መደበኛ ኮሌጅ ሲገባ ከመጀመሪያው ቀን ድጋፉን ለማግኘት ማብራሪያ ሲጽፍ ሊገኝ ይችላል።

ጉዳቱ በሃይስኩሉም በኩል አለ። የወደቀበት ኮርስ የ12ኛ ክፍል እንግሊዝኛን ተክቶ የተወሰደ ከሆነ፣ ኮሌጅ ላይ ኤፍ ማግኘት ማለት ለሃይስኩል ምርቃት የሚያስፈልገውም ክሬዲት ቀረ ማለት ነው። በዋሽንግተን ለመመረቅ የሚጠየቀው 24 ክሬዲት ስለሆነ፣ በመጨረሻው ዓመት የጎደለውን ለመሙላት ያለው ጊዜ ጠባብ ነው።

እኛ ወላጆች ይህን ለመረዳት የምንቸገረው ያደግንበት ሥርዓት ሌላ ስለነበር ነው። አገር ቤት ዓመቱን ሙሉ እንደ ነገሩ የተማረ ልጅ ማትሪክ ሲደርስ በሩን ዘግቶ አጥንቶ ጥሩ ነጥብ ካመጣ ያለፈው ይረሳለታል። ያ አንድ ፈተና ሁሉን ይወስናል። እዚህ የሚወስነው የእያንዳንዱ ኳርተር ውጤት ድምር ነው፤ መጨረሻ ላይ ሮጦ የሚደረስበት አይደለም። «አይዞህ፣ በኋላ ታሻሽለዋለህ» የሚለው ምክራችን በዚህ ቦታ ልጁን ይጎዳዋል።

ስለ ጊዜም እንነጋገር፤ በቤታችን ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። የኮሌጅ ተማሪ ለእያንዳንዱ ክሬዲት በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል ይገባል፤ ከክፍል ውጭ ደግሞ ሁለት ሰዓት ያህል ማጥናት እንዳለበት ኮሌጆች ይመክራሉ። 15 ክሬዲት ወሰደ ማለት በሳምንት 45 ሰዓት ሥራ ያዘ ማለት ነው። እኛ ግን የምናየው ልጁ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ተምሮ ቤት መመለሱን ነው። «ዛሬ ሥራ የለህም፣ እህትህን ከትምህርት ቤት አምጣት፤ አያትህን ሐኪም ቤት አድርሳት፤ ይህን ደብዳቤ አንብብልኝ» እንላለን። ሃይስኩል ሲውል እስከ ቀትር በኋላ ማንም አይነካውም ነበር፤ ኮሌጅ ሲጀምር ግን ቤተሰቡ ሁሉ የሚያዘው የሰው ኃይል ይሆናል። አንዳንዱም «ጊዜ ተረፈኝ» ብሎ ሥራ ይጨምራል። ከዚያ ኳርተሩ በ11 ሳምንት ያልቃል። ልጃችሁን ኮሌጅ ካስገባችሁ ከክፍል ውጭ ያለውን ሰዓት እንደ ትምህርት ሰዓት አክብሩለት። ይህን ማድረግ የማትችሉበት የኑሮ ሁኔታ ካለ፣ ብዙዎቻችንም አለብን፣ ሙሉ ጊዜ ከማስገባት አንድ ኮርስ ብቻ ማስያዝ ይሻላል።

ሌላው ለወላጅ እንግዳ የሚሆነው ዝምታው ነው። የሃይስኩል መምህር ልጁ ሲቀር ይደውላል፤ የኮሌጅ መምህር አይደውልም። እናንተ ብትደውሉም አይነግራችሁም። ፈርፓ በሚባለው የ1974 ሕግ መሠረት ልጅ ኮሌጅ ገብቶ መማር ሲጀምር፣ ዕድሜው 16 ቢሆንም፣ በኮሌጁ መዝገብ ላይ ያለው መብት የእሱ ይሆናል። ሃይስኩሉ ግን ከኮሌጁ የሚደርሰውን ውጤት ይዟል፤ ልጁ 18 እስኪሞላው ያንን ከሃይስኩሉ የመጠየቅ መብት አላችሁ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቀድሞ መስማማት ነው። ውጤትና የቤት ሥራ ካንቫስ በሚባለው የኮሌጆቹ ድረ ገጽ ላይ ይታያል፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ከቡና በኋላ ይሁን፣ ልጁ ከፍቶ ያሳያችሁ። ለመቆጣጠር ሳይሆን አብሮ ለማየት። ነገሩ ከከበደው በጊዜ መውጣት ይቻላል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኮርሱን የጣለ ምንም አይመዘገብበትም፣ ዘግይቶ የወጣ ደብልዩ ይጻፍበታል፣ ከዚያ በኋላ ግን የመጣው ግሬድ የእሱ ነው። ደብልዩ ከኤፍ እጅግ ይሻላል። ልጁ ይህን ለእናንተ ለመናገር እንዳይፈራ ማድረግ የወላጅ ድርሻ ነው።

[አጭር ሙዚቃ]

አሁን ወደ ኮርስ ምርጫ እንሂድ። ዋሽንግተን ስቴት በዚህ በኩል ጥሩ ሥራ ሠርታለች። የኮሚኒቲ ኮሌጆችና የስቴቱ ዩኒቨርሲቲዎች የዝውውር ስምምነት ስላላቸው፣ በስምምነቱ መሠረት የተዋቀረውን የ90 ክሬዲት አሶሲየት ዲግሪ የያዘ ተማሪ በስቴቱ ባሉ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች ክሬዲቱ በጅምላ ይታሰብለታል። ያም ሆኖ 90 ክሬዲት ያለው ልጅ ሁሉ በሁለት ዓመት ባችለር ይይዛል ማለት አይደለም።

ምክንያቱን በምህንድስና እንየው። መሐንዲስ ለመሆን ካልኩለስ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ በቅደም ተከተል ማለፍ ያስፈልጋል፤ ፊዚክስ ካልኩለስን ይጠብቃል፤ የምህንድስናው ኮርስ ፊዚክስን ይጠብቃል። አንድ ልጅ ዲግሪውን ቶሎ ለመያዝ ብሎ ቀለል ያሉትን መርጦ፣ ሥነ ልቦና፣ የፊልም ታሪክና ንግግር ወስዶ 90 ቢሞላ፣ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ካልኩለስ አንድን ከሥር ይጀምራል። ክሬዲቱ አለው፣ መንገዱ ግን አላጠረም። እዚያው ሃይስኩል ሳለ ሁለት የካልኩለስና ሁለት የኬሚስትሪ ኮርስ ብቻ በጥሩ ውጤት የያዘው ጓደኛው ቀድሞት ሊሄድ ይችላል። በነርሲንግም እንዲሁ ነው። በእኛ ማኅበረሰብ ብዙ ልጆች ይህንን ሙያ ይመርጣሉ፤ ወደ ነርሲንግ ፕሮግራም ለመግባት በአናቶሚና ፊዚዮሎጂ የመጣው ግሬድ ከፍተኛ ክብደት አለው፣ አንዳንድ ፕሮግራሞችም ከተወሰነ ዓመት በፊት የተወሰደ የሳይንስ ኮርስ አይቀበሉም። እነዚህን ኮርሶች በ17 ዓመት፣ ሳይዘጋጁ መድፈር ትርፍ የለውም። ስለዚህ የእኔ ምክር፣ ልጁ የሚፈልገውን የትምህርት ዘርፍ ካወቀ ለዚያ ዘርፍ የሚቆጠሩትን ይያዝ፤ ገና ካላወቀ እንግሊዝኛ 101ን፣ ደረጃው የሚፈቅድለትን ሒሳብና አንድ የኅብረተሰብ ሳይንስ ይውሰድ፤ እነዚህ ብዙ ቦታ ይጠቅማሉ።

ከስቴቱ ውጭ ወይም የግል ዩኒቨርሲቲ የሚያስብ ልጅ ደግሞ ቀድሞ ይጠይቅ። ብዙ ትልልቅ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ለሃይስኩል ምርቃት የተቆጠረን የኮሌጅ ኮርስ ለራሳቸው ዲግሪ አይቀበሉም። ኮርሱ ማመልከቻውን ያጠነክርለታል፤ ዓመት ግን አይቀንስለትም። በሌላ በኩል «አሶሲየት ከያዘ በኋላ እንደ አዲስ ገቢ ማመልከት አይችልም፣ ስኮላርሺፕም ያጣል» የሚለው ወሬ እንዳያስፈራችሁ፤ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የራኒንግ ስታርት ተማሪን የሚቀበለው እንደ አንደኛ ዓመት አመልካች ነው፣ ክሬዲቱም አይጠፋበትም።

ከአገር ቤት በቅርቡ ለመጡ ልጆችም አንድ ቃል ልበል። ብዙዎቹ በሒሳብ የበረቱ ናቸው፣ በእንግሊዝኛ ግን ገና ናቸው። ኮሌጆች የመግቢያ መስፈርታቸው ይለያያል፤ አንዳንዶቹ ከሁሉ በፊት የእንግሊዝኛ 101 ደረጃን ይጠይቃሉ። ስለዚህ በሒሳብ ብቻ መጀመር ይቻል እንደሆነ በአቅራቢያችሁ ያሉትን ኮሌጆች አንድ በአንድ ጠይቁ። ደግሞም አትቸኩሉ። በዋሽንግተን ስቴት ተማሪ እስከ 21 ዓመቱ በሕዝብ ሃይስኩል በነጻ የመማር መብት አለው። በ17 ዓመቱ የመጣ ልጅ ዕድሜው አለፈ ተብሎ ያልቻለው ኮሌጅ ውስጥ የሚወረወርበት ምክንያት የለም።

ዱዋል ክሬዲት ማግኘት ኮሌጅ ድረስ ሳይሄዱም ይቻላል። ኮሌጅ ኢን ዘ ሃይስኩል በሚባለው ፕሮግራም የኮሌጁን ኮርስ የሃይስኩሉ መምህር እዚያው ክፍል ውስጥ ያስተምራል፤ በ2023 በወጣው ሕግ በስቴቱ የሕዝብ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች በኩል ሲሆን ተማሪ አይከፍልበትም። ለዓይን አፋር ወይም ድጋፍ ለሚፈልግ ልጅ ይህን አስቀድማለሁ። ኤፒ የሚባለው የሃይስኩል ኮርስ ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱ በግንቦት በሚሰጥ አንድ ፈተና ከ1 እስከ 5 በሚሰጠው ነጥብ ይወሰናል። በልዩ ድጋፍ የሚማር ልጅ ካላችሁ ይህንንም እወቁ፦ በሃይስኩል ያለው የድጋፍ ዕቅድ ኮሌጅ ድረስ አይከተለውም፤ ልጁ ራሱ ለኮሌጁ የአካል ጉዳተኞች አገልግሎት ክፍል ማመልከት አለበት።

በሌላ ስቴት ላላችሁ ባጭሩ፦ ሚኒሶታ የመማሪያ መጽሐፍንም ጭምር ትሸፍናለች። ሜሪላንድ በ2021 ባጸደቀችው የትምህርት ማሻሻያ ሕግ፣ የስቴቱን የኮሌጅ ዝግጁነት መለኪያ ያሟላ ተማሪ የኮሌጅ ኮርሱን ክፍያ አይከፍልም። ቴክሳስ ከ2023 ወዲህ ኮርሱ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ልጆች በተሳታፊ ኮሌጆች በነጻ እንዲሆን አድርጋለች፤ ጆርጂያ ደግሞ የምትከፍለውን እስከ 30 ክሬዲት ገድባለች። የየትምህርት ቤታችሁን ካውንስለር ጠይቁ።

የዋሽንግተን ወላጆች፣ ልጃችሁ አሁን 10ኛ ክፍል ከሆነ ጊዜው ደርሷል። ኮሌጆቹ ለመጪው መስከረም የሚመዘግቡት በጸደይ፣ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ነው፤ ስለ ፕሮግራሙ ገለጻም ያደርጋሉ። በየኳርተሩ የሚሞላ ፎርም አለ፣ የሃይስኩሉ ካውንስለርና ተማሪው ይፈርሙበታል፤ ልጁ 18 ካልሞላው ወላጅም ይፈርማል። ሳታነቡ አትፈርሙ። ከምዝገባው በፊት ከካውንስለሩ ጋር ቀጠሮ ያዙና የትኛው ኮርስ የትኛውን የሃይስኩል ክሬዲት እንደሚተካ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ትምህርት ቤቶች ስለ ፕሮግራሙ ለተማሪና ለወላጅ የማሳወቅ ግዴታ በሕግ አለባቸው።

እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲመደብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ሁሉ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለበት። እባካችሁ በዚህ ስብሰባ ላይ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ ስለ እሱ የሚባለውን ሁሉ እናንተ ራሳችሁ መስማት አለባችሁ።



[የመዝጊያ ሙዚቃ]